ፀሐይን ብቻ ያመለከው ፈርዖን፦ አኬናተንና የእስራኤል አምላክ

ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር የሚያገለግሉ መጋቢ ከሆኑ ይህ ጥያቄ ደርሶዎታል፤ ካልደረሰዎትም ሊደርስዎ ተቃርቧል። «ሙሴ የአንድ አምላክን እምነት ያገኘው ከግብፅ አይደለምን? አንድ ፈርዖን አማልክትን ሁሉ ሽሮ አንዱን ብቻ አምልኮ የለምን?» ጠያቂው ወጣት ነገሩን ያየው ብዙውን ጊዜ በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። የንጉሡን ረጅም ፊት፣ ጫፋቸው እጅ የሆነ የፀሐይ ጨረሮችን፣ ከዚያም መዝሙር 104 ከአንድ የግብፅ መዝሙር ጎን ተቀምጦ አይቷል። «አሜን» የምንለው ቃል አሙን ከሚባል ጣዖት ስም እንደ መጣም ሰምቷል። ልቡን የሚያቆስለው መረጃው ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ እያወቀች ደብቃኛለች የሚለው ሐሳብ ነው።

ከመድረኮቻችን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው ነገሩን የክህደት ወሬ ብሎ በማጣጣል ያልፈዋል። ሁለተኛው ይገለብጠዋል፤ ፈርዖኑ አንድ አምላክን የተማረው ከዮሴፍ ነው፣ ወይም ሙሴ ካመጣቸው መቅሠፍቶች ነው ይላል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ማስረጃ የሌለው ነገር በእግዚአብሔር ቃል ሥልጣን ተሸፍኖ ይነገራልና፣ ወጣቱ አንድ ቀን መጻሕፍቱን ሲገልጥ የሚወድቀው ስለ ፈርዖኑ የተነገረው ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ንጉሡን በራሱ ዘመንና በራሱ አገር እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሡና አምላኩ

አኬናተን በመጀመሪያ ስሙ አሜንሆቴፕ ነበር፤ «አሙን ረክቷል» ማለት ነው። በዚህ ስም ከተጠሩት ነገሥታት አራተኛው ነው። አባቱ ሦስተኛው አሜንሆቴፕ 38 ዓመት ያህል የገዛ፣ ከኩሽ እስከ ሶርያ ድረስ ትእዛዙ የሚሰማ፣ በሀብትና በግንባታ የገነነ ንጉሥ ነበር። እናቱ ቲዬ ትባላለች። ልጁ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ ሲሆን የገዛው 17 ዓመት ያህል ነው። ሚስቱ ኔፈርቲቲ ዛሬ በርሊን ሙዚየም ባለው ምስሏ ከእርሱ ይልቅ ትታወቃለች።

በዘመኑ በግብፅ አማልክት ላይ የሠለጠነው አሙን ነበር። መቀመጫው ቴብስ፣ ቤተ መቅደሱም ካርናክ ነው። ነቢዩ ናሆም በ3፥8 የአሞንን ስም አያይዞ የጠራት ከተማ፣ ኤርምያስም በ46፥25 ከነአምላኳ ፍርድ የተናገረባት ይህችው ቴብስ ናት። ነገሥታቱ ከጦርነት የሚያመጡትን ምርኮ፣ መሬትና ከብት ለአሙን ስለሚሰጡ፣ ቤተ መቅደሱ በራሱ እንደ መንግሥት ሆኖ ነበር። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የአኬናተን ለውጥ የአሙንን ካህናት ጉልበት ለመስበር የተደረገ ፖለቲካ ነው ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ካህናትን ማዳከም ብቻ የሚፈልግ ንጉሥ ከተማውን ትቶ በምድረ በዳ ሌላ ከተማ አይሠራም፤ «አማልክት» የሚለውን የብዙ ቁጥር ቃልም ከድንጋይ ላይ አያስፍቅም።

አተን የሚለው ስም አዲስ አልነበረም። ቃሉ በሰማይ የምናየውን የፀሐይ ክብ የሚያመለክት የቆየ የግብፅ ቃል ነው። የፀሐይ አምልኮ ጥንታዊ ማዕከል ደግሞ ኦን፣ በግሪኩ ሄልዮፖሊስ ናት፤ የዮሴፍ አማት ጶጥፌራ ካህን የነበረባት ከተማ (ዘፍ. 41፥45)። በሦስተኛው አሜንሆቴፕ ዘመን አተን እየገነነ ስለ መጣ የንጉሡ ጀልባ እንኳ በአተን ስም ተጠርታ ነበር። ልጁ የጀመረው እንግዲህ ከባዶ አይደለም። አባቱ ከፍ ያደረገውን አንዱን ይዞ ሌሎቹን ጣለ።

መጣሉ ግን በአንድ ቀን አልሆነም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያው ካርናክ፣ ከአሙን ቅጥር በስተ ምሥራቅ፣ ለአተን ቤተ መቅደሶችን ሠራ። የተሠሩበት ድንጋዮች አንድ ሰው ሊሸከማቸው የሚችል፣ ርዝመታቸው 52 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትንንሽ ብሎኮች ናቸው። በኋላ የመጡ ነገሥታት አፍርሰው ለራሳቸው ግንብ ውስጥ ሙሌት አደረጓቸው፤ በዚህም ሳያስቡት ጠበቋቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ብሎኮች እየወጡ በ1960ዎቹ በኮምፒውተር ጭምር ሥዕሎቻቸውን ለማገጣጠም ተሞክሯል። የአኬናተንን ስም ለማጥፋት የተደረገው ሥራ ዛሬ ዋና ምንጫችን መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

በነገሠ በአምስተኛው ዓመት ስሙን ቀየረ። የአሙን ስም ያለበትን ትቶ አኬናተን ተባለ፤ «ለአተን የሚጠቅም» እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በመካከለኛው ግብፅ፣ ከዓባይ ምሥራቅ፣ ዛሬ ቴል ኤል አማርና በሚባለው ስፍራ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። አኬታተን፣ ማለትም «የአተን አድማስ» አላት። በዙሪያዋ ባሉት ገደሎች ላይ ያስቀረጻቸው የድንበር ጽሑፎች አሁንም አሉ። በእነርሱ ላይ ንጉሡ ስፍራው ከዚህ በፊት የማንም አምላክ እንዳልነበረ፣ የመረጠውም አተን ራሱ እንደ ሆነ፣ ንግሥቲቱ እንኳ ሌላ ቦታ እንድትጠቁመው እንደማይፈቅድ ይምላል። የሚገርመው፣ በዚያው ጽሑፍ የኦን ቅዱስ በሬ የሆነው ምኔቪስ ሲሞት በአዲሲቱ ከተማ እንዲቀበር ያዝዛል። ለውጡ ገና በሂደት ላይ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ መሮና መዶሻ የያዙ ሠራተኞች በአገሩ ሁሉ ተሰማሩ። የአሙን ስም ከግድግዳ፣ ከሐውልት፣ ከታላላቅ ቀጥ ካሉ ድንጋዮች ጫፍ ሳይቀር ተፋቀ። የገዛ አባቱ ስም ውስጥ አሙን ስላለ የአባቱም ስም ተቆረጠ። የአተን ስም ራሱ ተስተካከለ፤ በመጀመሪያ ሖራክቲና ሹ የሚባሉ የአማልክት ስሞች ገብተውበት ነበር፤ በኋላ ሁለቱም ወጡ። አተን እንደ ሌሎቹ በሰው ወይም በእንስሳ አካል አልተሣለም። የሚታየው ክብ ብቻ ነው፤ ጨረሮቹ ግን በእጆች ያልቃሉ፤ እጆቹም የሕይወትን ምልክት ይዘዋል። አሁን አንድ ነገር ያስተውሉ። እጆቹ የሕይወትን ምልክት የሚዘረጉት ወደ ማን አፍንጫ ነው? ወደ ንጉሡና ወደ ንግሥቲቱ ብቻ።

አንድ አምላክ፣ አንድ ዐዋቂ

ይህ እምነት በትክክል የአንድ አምላክ እምነት ነውን? ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አሜሪካዊው ጄምስ ሄንሪ ብሬስትድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ አተን መዝሙሮች የዶክትሬት ጽሑፉን ካቀረበ ጀምሮ ንጉሡን እንደ ታላቅ ሃይማኖታዊ ሊቅ ያደንቀው ነበር። ዶናልድ ሬድፎርድ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ያንን ውብ ሥዕል አፈረሰው። ወንጌላዊው የግብፅ ጥናት ሊቅ ጄምስ ሆፍማየር ደግሞ በ2015 በጉዳዩ ላይ ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ፣ እምነቱ በእርግጥ የአንድ አምላክ እምነት እንደ ሆነ ተከራክሯል። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። ሌሎች አማልክት እያሉ አንዱን አብልጦ ማምለክ አንድ ነገር ነው፤ የሌሎቹን ስም መፋቅና «አማልክት» የሚለውን ቃል ማጥፋት ሌላ ነው። ይህን አምነን ለመቀበል መፍራት የለብንም። ያዕቆብ በ2፥19 እግዚአብሔር አንድ እንደ ሆነ አጋንንትም እንደሚያምኑ ጽፏልና፣ የቁጥሩ ጉዳይ ብቻውን የእምነታችን መሠረት ሆኖ አያውቅም።

ለመጋቢ የሚበልጠው ጥያቄ፣ ያንን አንድ አምላክ ማን ሊያውቀው ይችል ነበር የሚለው ነው። ታላቁ የአተን መዝሙር በአማርና፣ አይ በሚባል ባለሥልጣን መቃብር ግድግዳ ላይ በ13 ዓምዶች ተቀርጾ ተገኝቷል። መዝሙሩ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ አምላኩን ከልጁ ከንጉሡ በቀር የሚያውቀው ማንም እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። ይህ እንደ ቅኔ የተጣለ ቃል አይደለም፤ ሥርዓቱ ሁሉ በዚያ ላይ የቆመ ነው። በአማርና ባለጸጎች ቤት የተገኙት የጸሎት ድንጋዮች ንጉሡን፣ ኔፈርቲቲንና ሴቶች ልጆቻቸውን ከአተን ጨረር በታች ያሳያሉ። ባለቤቱ የሚሰግደው ለንጉሣዊው ቤተሰብ ምስል ነው፤ ንጉሡ ለአተን ይሰግዳል። መንገዱ ይኸው ነው። የአገልጋይ ፎቶ የተለጠፈበት ዘይት በየቤቱ ባስቀመጥንበት በዚህ ዘመን ይህን ድንጋይ እንደ ሩቅ አገር ነገር አይቶ ማለፍ ይከብደኛል።

ሕዝቡስ? ከዋናው ከተማ ወጣ ብሎ በነበረው የሠራተኞች መንደር ቁፋሮ የወጣው ነገር ብዙ ይናገራል። ምጥ የያዛትን ሴትና ሕፃናትን ይጠብቃል የሚባለው ድንክ አምላክ ቤስ፣ በጉማሬ መልክ የምትሣለው የወሊድ አምላክ ታውሬት፣ በክታብና በግድግዳ ሥዕል ተገኝተዋል። በንጉሡ ዋና ከተማ ዳርቻ ማለት ነው! አተን ለሚያምጥ ሰው የሚለው ነገር አልነበረውም። ለሚሞት ሰውም እንዲሁ፤ የሙታን ንጉሥ የነበረው ኦሲሪስ ዝም ተብሏልና፣ የሞተ ሰው ተስፋ ቀን ቀን ከመቃብሩ ወጥቶ በቤተ መቅደሱ ከሚቀርበው መሥዋዕት መካፈል ብቻ ሆነ። በዓላቱ ታጠፉ። ቀድሞ አማልክቱ በጀልባ ተጭነው በአደባባይ ሲወጡ፣ ሕዝቡ በመንገድ ላይ ቆሞ ጉዳዩን ያቀርብላቸው ነበር። አሁን በአደባባይ የሚያልፈው የንጉሡ ሠረገላ ነው።

የአተን ታላቅ ቤተ መቅደስ ከ700 ሜትር በላይ በሚረዝም ቅጥር ውስጥ፣ ጣሪያ የሌለው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመሥዋዕት ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ነበር። በመቃብሮቹ ግድግዳ የተሣለው ሁሉ ጥጋብ ነው። ከ2006 እስከ 2013 በባሪ ኬምፕ የሚመራው ቡድን የተራውን ሕዝብ መቃብር ሲቆፍር ያገኘው አጥንት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ብዙዎቹ 35 ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ናቸው። በልጅነታቸው የምግብ እጥረት እንዳጎሳቆላቸው፣ ከባድ ሸክም አከርካሪያቸውን እንደ ጎዳው ይታያል። በእነዚያ ድሆች መቃብር ውስጥ አተንን የሚጠራ ጸሎት አልተገኘም። ከተማዋ ለአምላክ ክብር በጥድፊያ ስትሠራ ድንጋዩን የተሸከሙት እነዚህ ናቸው፤ ዘጸአት 1ን ስንሰብክ ልናስባቸው ይገባል።

ከከነዓን የመጡ ደብዳቤዎች

በ1887 በአማርና ፍርስራሽ ውስጥ የሸክላ ጽላቶች ተገኙ። ዛሬ የሚታወቁት 380 ያህል ናቸው። ብዙዎቹ በጊዜው የመንግሥታት መግባቢያ በነበረው በአካድኛ የተጻፉ፣ ለፈርዖን የተላኩ ደብዳቤዎች ናቸው። ከላኪዎቹ መካከል የኢየሩሳሌም ገዥ አብዲ ሔባ አለ፤ የሴኬም ገዥ ላባያ፣ የጌዝር ሰዎች፣ የጌባል ገዥም አሉ። ዳዊት ኢየሩሳሌምን ከመያዙ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ የከተማዋ ገዥ ጥቂት ቀስተኞች ይላኩልኝ እያለ ሲማጸን በገዛ ቃሉ እንሰማዋለን።

በደብዳቤዎቹ «ሐቢሩ» የሚባሉ ሰዎች ከተሞችን እንደሚያስጨንቁ ይነገራል። «ዕብራውያን ናቸው፤ ኢያሱ ነው!» ብሎ ለመዝለል ይቸኮላል። ይታገሡ። ሐቢሩ የሚለው ቃል በሶርያ፣ በመስጴጦምያና በኬጢያውያን አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ከኅብረተሰብ ውጭ የሆኑ ስደተኞችን፣ ቅጥረኛ ወታደሮችንና ሽፍቶችን ሲጠራ የኖረ ነው። ከ«ዕብራዊ» ጋር ዝምድና ቢኖረው እንኳ የአንድ ሕዝብ ስም አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ለሰባኪ የሚጠቅመው ሌላ ነው። አብዲ ሔባ ሥልጣኑን ያገኘው ከአባቱም ከእናቱም ሳይሆን ከንጉሡ ብርቱ ክንድ እንደ ሆነ ይጽፋል። የፈርዖን ብርቱ ክንድ በግብፅም በከነዓንም የታወቀ አነጋገር ነበር። ዘጸአትና ዘዳግም እግዚአብሔር እስራኤልን በጸናች እጅና በተዘረጋ ክንድ አወጣ ሲሉ፣ ሰሚው ክንዱ የማን ይባል እንደ ነበር ያውቃል።

መዝሙር 104

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። መዝሙር 104ን (በግእዙ ዳዊት 103 ነው) እና የአተንን መዝሙር ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መመሳሰሉን ሊክድ አይችልም። በሁለቱም ሌሊት ሲሆን አንበሶች ይወጣሉ። ፀሐይ ስትወጣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። መርከቦች ይጓዛሉ፤ በባሕር ያሉ ፍጥረታት ይንቀሳቀሳሉ። ሁለቱም የአምላክን ሥራ ብዛት ያደንቃሉ፤ ሁለቱም ሕይወት ሁሉ ከእርሱ እንደ ሆነ ይናገራሉ። የግብፁ መዝሙር በማኅፀን ስላለ ፅንስና በእንቁላል ውስጥ ስላለች ጫጩት የሚናገርበት ክፍል በእውነት ያማረ ነው። ለሰዎች ልዩ ልዩ ቋንቋና መልክ እንደ ሰጠ ሲናገርም የሶርያንና የኩሽን አገር ከግብፅ አስቀድሞ ይጠራል። ኩሽ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኢትዮጵያ» የሚባለው ምድር ነው። ንጉሡ የገዛውን አገር ሕዝብ አምላኩ እንደ ፈጠረው ማመኑ አልቀረም።

ታዲያ መዝሙረኛው ገልብጦ ነውን? አተኑ መዝሙር ከነከተማው ከተተወ በኋላ ዘመናት አልፈዋል፤ አንድ የእስራኤል መዝሙረኛ ከአይ መቃብር ግድግዳ ላይ ቆሞ ሲቀዳ መገመት አይቻልም። ሆኖም እነዚህ አነጋገሮች የአኬናተን ብቻ አልነበሩም። በአባቱ ዘመን ሱቲና ሖር የተባሉ መንታ የሥነ ሕንፃ ሹማምት ለፀሐይ ያቀረቡት መዝሙር በድንጋይ ተቀርጾ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ የአኬናተን ቋንቋ ብዙው እዚያ አስቀድሞ አለ። ከእርሱ በኋላም ለአሙን በተዘመሩ መዝሙሮች ቀጥሏል። ግብፅ ከነዓንን ለብዙ መቶ ዓመታት ስለ ገዛች የዚህ ዓይነቱ የምስጋና ቋንቋ በአካባቢው መታወቁ የሚያስደንቅ አይደለም። ምሳሌ 22፥17 እና ተከታዩ ክፍል አሜኔሞፔ ከተባለው ግብፃዊ ምክር ጋር መቀራረቡን ብዙ ወንጌላውያን ተርጓሚዎች ሳይደነግጡ እንደ ተቀበሉት፣ ይህንንም መቀበል እንችላለን።

የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ ግን እንቆይ፤ ልዩነቱም እዚያው ነውና። በግብፁ መዝሙር ሌሊት የአምላክ አለመኖር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ምድር እንደ ሞተ ሰው ትጋደማለች፤ አንበሳው የሚወጣውና እባቡ የሚናደፈው ጠባቂው ስለ ሄደ ነው። በመዝሙር 104፥20-21 ጨለማውን ያደረገው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ የአንበሳው ግልገል ጩኸት ምግብን ከእግዚአብሔር መለመን ነው። አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ በቁጥር 19፣ ፀሐይ የምትገባበትን ጊዜ የምታውቅ አገልጋይ ሆና ትታያለች። ግብፃዊው ያመለካትን ፀሐይ እስራኤላዊው በሰዓቷ ገብታ የምትወጣ ሠራተኛ አድርጓታል። ዘፍጥረት 1፥16 ስሟን እንኳ ሳይጠራ ታላቁ ብርሃን ብሎ እንደሚያልፋት ያስታውሱ። በሌሊት የታመመ ልጅ ይዛ የምትቀመጥ እናት በጉባኤዎ ካለች፣ ይህ የሥነ ጽሑፍ ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ሁለተኛው ልዩነት የዘማሪው ማንነት ነው። በግብፁ መዝሙር የሚያውቀው ንጉሡ ነው። በመዝሙር 104፥33-34 ስሙ ያልተጻፈ ሰው በሕይወት እስካለሁ እዘምራለሁ፣ አሳቤም ደስ ያሰኘው ይላል። በመዝሙሩ ውስጥ ንጉሥ የለም። ከዚያም ቁጥር 35 ስለ ኃጢአተኞች ይናገራል፤ ብዙ ዘማሪዎቻችን የሚዘልሉት ቁጥር ነው። የአተን መዝሙር እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ኃጢአት፣ ንስሐ፣ ምሕረት፣ ለድሃ አደግ መፍረድ በአተን መዝሙሮች ውስጥ ቢፈለጉ አይገኙም። ጀርመናዊው ያን አስማን፣ አኬናተን ያገኘው ነገር ከመገለጥ ይልቅ ወደ ተፈጥሮ ፍልስፍና ይቀርባል ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕይወት ሁሉ ከብርሃንና ከጊዜ እንደሚመጣ ዐወቀ። ፀሐይ በጻድቁም በኃጢአተኛውም ላይ ትወጣለች። ጌታችን በማቴዎስ 5፥45 ይህንኑ ሲጠቅስ ግን ፀሐዩን የሚያወጣ አባት እንዳለ አስተምሯል።

ሙሴ፣ ፍሮይድና «አሜን»

ሲግመንድ ፍሮይድ በሞተበት ዓመት፣ በ1939፣ ሙሴ የአተንን እምነት የተከተለ ግብፃዊ መኰንን እንደ ነበር የሚከራከር መጽሐፍ አሳተመ። ፍሮይድ የግብፅ ታሪክ ሊቅ አልነበረም፤ ሐሳቡንም ዛሬ በታሪክ ደረጃ የሚከላከል ሊቅ ማግኘት ያስቸግራል። በሕዝብ ዘንድ ግን ከመጽሐፉ ርቆ ኖሯል።

ዘመኑን እናስላ። 1 ነገሥት 6፥1 ከግብፅ መውጣትን ከሰሎሞን አራተኛ ዓመት 480 ዓመት አስቀድሞ ያደርገዋል፤ ይህም በቀጥታ ከተቆጠረ ወደ 1446 ያመጣል። በዘጸአት 1፥11 ራምሴ የተባለችውን ከተማ መሠረት አድርገው ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን የሚያወርዱት ወንጌላውያንም አሉ። እስራኤልን በስም የሚጠራው የፈርዖን ሜርኔፕታ ድንጋይ በ1208 ገደማ የተቀረጸ ስለሆነ ከዚያ ማለፍ አይቻልም። በመጀመሪያው ስሌት ሙሴ ከአኬናተን መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ ተማሪ ሊሆነው አይችልም። በሁለተኛው ሙሴ የሚመጣው የአተን ቤተ መቅደሶች ከፈረሱ፣ የንጉሡም ስም ከተደመሰሰ በኋላ ነው። በሁለተኛው ስሌት መሰማማት ፈጽሞ አይቻልም አልልም። የምለው፣ የሙሴ እምነት የቆመው በፀሐይ ላይ በተደረገ ምርምር ሳይሆን፣ የአባቶችን ስም ጠርቶ የባሮችን ጩኸት ሰማሁ ባለ አምላክ ላይ መሆኑን ነው (ዘጸ. 3፥6-7)። ያ አምላክ በዘጸአት 10፥21-23 በፀሐይዋ አገር ላይ ሦስት ቀን ጨለማ አደረገ።

የመጀመሪያውን ስሌት የምንቀበልም ብንሆን፣ ፈርዖኑ ከመቅሠፍቶቹ ተምሮ ነው ማለት አንችልም። የአተን እምነት ከኦን የፀሐይ ትምህርት ተነሥቶ በአባቱ ዘመን አድጎ በልጁ ሲጠነክር ደረጃ በደረጃ ይታያል። በዚያ መንገድ ላይ የዮሴፍም የሙሴም አሻራ አልተገኘም፤ ለእምነታችንም አያስፈልገንም።

የቃላቱ ክርክር አጭር መልስ አለው። «አዶናይ» ከ«አተን» ጋር የሚገናኘው በጆሮ ብቻ ነው። አዶን በከነዓን ቋንቋዎች «ጌታ» ማለት ሲሆን በኡጋሪት ጽሑፎችም ይገኛል፤ የቃሉ ሥር ከግብፁ ቃል የተለየ ነው። በዚያ ላይ የእስራኤል አምላክ የኪዳን ስም አዶናይ አይደለም፤ በዚያ ስም ፈንታ ማንበብ የኋላ ልማድ ነው። «አሜን»ን በተመለከተ ግን አማርኛ ተናጋሪ የሩቅ መምህር አያሻውም። አመነ፣ ታመነ፣ እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ እያልን የምንረባው ሥር የዕብራይስጡ «አሜን» ሥር ነው፤ ጽናትንና መታመንን ያመለክታል። የግብፁ አሙን ትርጉም ደግሞ «የተሰወረ» ነው። ጠያቂው ወጣት «አምናለሁ» ሲል የግብፅን ጣዖት እየጠራ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን ማውራት ይቀላል።

ከዚያ በኋላ

አኬናተን እንደ ሞተ እምነቱ ጥቂት ዓመታት እንኳ አልቆየም። ቱታንካተን የተባለው ሕፃን ንጉሥ ስሙን ወደ ቱታንካሙን ለወጠ፤ ወደ ቀድሞዎቹ አማልክትም ተመለሰ። ባቆመው ድንጋይ ላይ ከደቡብ እስከ ሰሜን ቤተ መቅደሶቹ ፈርሰው ሣር እንደ በቀለባቸው፣ አማልክቱም ጸሎት ከመስማት ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ይተርካል። ቀጥሎ የነገሠው አይ ነው፤ ያ ታላቁ መዝሙር በአማርና መቃብሩ የተቀረጸለት ሰው። እርሱ የተቀበረው ግን በዚያ አይደለም። በቴብስ በነገሥታቱ ሸለቆ ባለው መቃብሩ ግድግዳ ላይ የሖር ልጆችና የሌሊቱ ዓለም ጉዞ ተሥለዋል። አሮጌዎቹ አማልክት ማለት ነው። ዘማሪው አልቆየም፤ መዝሙሩ በልቡ ተጽፎ እንደ ነበር ማን ይመሰክራል? ዘዳግም 6፥7 ቃሉን ለልጆችህ ንገር፣ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ ተጫወተው ይላል። በአማርና እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልነበረም፤ በቤት የሚነገረው የቤስ ነበር።

ሆረምሄብና ተከታዮቹ ቤተ መቅደሶቹን አፈረሱ። የቀዳማዊ ሴቲ የነገሥታት ዝርዝር በአቢዶስ ከሦስተኛው አሜንሆቴፕ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሆረምሄብ ያልፋል። በራምሴስ ዘመን በተጻፈ የርስት ክርክር ውስጥ የንጉሡን ዘመን መጥቀስ ባስፈለገ ጊዜ፣ ስሙ ሳይጠራ «የአኬታተን ጠላት» ተባለ። የሌላውን ስም በመሮ የፋቀ ሰው የራሱም ስም እንዲሁ ተፋቀ።

ስሙ በቀረባት በአንዲት ቦታ ግን ልጨርስ። በኑብያ፣ በዓባይ ዳር፣ ዛሬ ካዋ የምትባል የፍርስራሽ ስፍራ አለች፤ የጥንት ስሟ ገም አተን ነው፤ በውስጡ የአተን ስም አለ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኩሽ ነገሥታት ግብፅን ሲገዙ፣ ከእነርሱ አንዱ በዚያች ከተማ ታላቅ ቤተ መቅደስ ሠራ። ይህ ንጉሥ በ2 ነገሥት 19፥9 የአሦርን ጦር ሊገጥም እንደ ወጣ የተነገረለት፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ቲርሐቅ ነው። የአተን ስም በሚጠራባት ከተማ ያን ቤተ መቅደስ ያቆመው ለአሙን ነበር።